መያዣ የሌለው ጠርሙስ

የታሸገ ውሃ የሆቴልና የበዓል ዕቃ መሆኑ ቀርቶ የዕለት ኑሮ አካል ሆኗል። ለቅሶ ሊደርስ የሚሄድ ሰው እሽግ ውሃ ተሸክሞ ይገባል። በሠርግ ድንኳን ጆግ ይዞ የሚዞረው አስተናጋጅ ቀርቶ ጠርሙሱ አስቀድሞ ጠረጴዛው ላይ ይደረደራል። አገር አቋራጭ አውቶቡስ በቆመበት ሁሉ ውሃ የያዙ ልጆች ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ። የበሽተኛ ጥየቃው፣ ምርቃቱ፣ የቢሮ ስብሰባው ያለ እሱ አይታሰብም። ባዶው ጠርሙስም ቢሆን በእኛ አገር ቶሎ አይጣልም፤ ጠበል ይቀዳበታል፣ ዘይት ይለካበታል፣ ማር ይሸጥበታል፣ እረኛው ውሃውን ይዞበት ይውላል።

ይህ ሁሉ አገልግሎት ግን አንድ ቀን ያበቃል። ያን ጊዜ ጠርሙሱ የማን ነው? ውሃውን የሸጠው ድርጅት ገንዘቡን ተቀብሏል፤ የጠጣውም ሰው ጥሙን ቆርጧል። የቀረውን የሚሸከሙት የጎርፍ መውረጃ ቦዩ፣ ወንዙ፣ ቆራሌውና ማዘጋጃ ቤቱ ናቸው። የታሸገ ውሃን ኢንዱስትሪ በደንብ ለማወቅ ውሃውን ብቻ ሳይሆን ጠርሙሱንም ከልደቱ እስከ መጨረሻው መከተል ያስፈልጋል።

ከአምቦ የተጀመረው መንገድ

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው አምቦ የአገራችን የታሸገ ውሃ እናት ናት። ከምድሯ የሚወጣው ውሃ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ባይካርቦኔት፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይዞ ይመጣል። ምላስ የሚቆነጥጠው ጋዝ ከዚያው ከምድሩ የተገኘ ነው። ይህ ውሃ ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እየታሸገ ሲሸጥ ኖሯል። ክትፎ ወይም ጥሬ ሥጋ የበላ ሰው "አምቦ ውሃ አምጣልኝ" ማለቱ የአበላላችን ሥርዓት ከሆነ ትውልዶች አልፈዋል። ፋብሪካው ለረጅም ዘመን በመንግሥት እጅ ቆይቶ በ2001 ዓ.ም. ሳብሚለር የተባለው የውጭ ኩባንያ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ሆኖ ባለድርሻ ሆነበት።

አምቦን ከዛሬው የታሸገ ውሃ የሚለየው ግን ጣዕሙ ብቻ አይደለም። ለአብዛኛው ዕድሜው አምቦ ውሃ የተሸጠው በመስታወት ጠርሙስ ነው። ጠርሙሱ ደግሞ የጠጪው አልነበረም። አምቦ፣ ለስላሳ ወይም ቢራ ወደ ቤት መውሰድ የፈለገ ሰው ባዶ ጠርሙስ ይዞ ይሄዳል፤ ካልያዘ ባለሱቁ መያዣ ይቀበለዋል። ጠርሙሱ ሲመለስ መያዣው ይመለሳል። ባለሱቁ ባዶዎቹን በሳጥን ሰብስቦ ለአከፋፋዩ ያስረክባል፣ አከፋፋዩ ወደ ፋብሪካው ይመልሳል፣ ፋብሪካው አጥቦ እንደገና ይሞላል። አንድ ጠርሙስ ብዙ ጊዜ ተመላልሶ ሲያገለግል ይኖራል። ይህን ያስቻለው የአካባቢ ጥበቃ ዘመቻ አልነበረም። ጠርሙሱ ውድ ነበር፤ ፋብሪካው እንዲጠፋበት አይፈልግም፤ ገንዘቡ ደግሞ ሁሉም እንዲመልስ ያስገድደዋል።

የፕላስቲክ ጠርሙስ ሲመጣ የቀረው ይህ ሥርዓት ነው። ፕላስቲኩ ቀላል ነው፣ አይሰበርም፣ መታጠብ አያስፈልገውም፣ ሳጥንም መልስ መኪናም አይፈልግም። ለፋብሪካው ትልቅ እፎይታ ነበር። ወደዚህ ሥራ ብዙ ባለሀብቶች ገቡ፤ በሱሉልታ፣ በቡራዩ፣ በሰበታ፣ በሆለታ፣ በደብረ ብርሃንና በሌሎችም ከተሞች ፋብሪካዎች ተተከሉ። ዓለም አቀፍ ኩባንያዎችም ገበያውን አይተው መጡ፤ ኔስሌ ወተርስ በ2016 እ.ኤ.አ. የአቢሲኒያ ስፕሪንግስ አብላጫ ድርሻ ገዛ። ቀድመው ከገቡት ስያሜዎች የአንዱ ስም፣ ሃይላንድ፣ የማንኛውም የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ መጠሪያ እስኪሆን ድረስ ነገሩ በአገሩ ተዳረሰ።

ውሃው ከምድራችን፣ ጠርሙሱ በዶላር

የፋብሪካው ሥራ ሁለት መስመር አለው። አንደኛው የውሃው ነው። አብዛኛው ፋብሪካ ውሃውን የሚያወጣው ከጥልቅ ጉድጓድ በፓምፕ ነው። ውሃው በአሸዋ ማጣሪያ አልፎ ደለሉን ይጥላል፤ አክቲቭ ካርቦን በሚባለው ከሰል አልፎ ሽታና ቀለሙን ይተዋል፤ ጨው የሚበዛበት ከሆነ ደግሞ በከፍተኛ ግፊት እጅግ ስስ በሆነ የማጣሪያ ሽፋን ውስጥ ይገፋል። በመጨረሻ በአልትራቫዮሌት ብርሃንና በኦዞን ጋዝ ተሕዋስያኑ ይገደላሉ። የማዕድን ውሃ የሚባለው ከምንጩ ይዞት የመጣውን ማዕድን እንደያዘ የሚታሸገው ነው። የተጣራ ውሃ የሚባለው ግን ከየትም ይምጣ ከየት በማጣሪያ ኃይል ንጹሕ የተደረገ ነው። ገዢው ሁለቱን ባንድ መደርደሪያ ስለሚያያቸው ልዩነቱን ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው።

ሁለተኛው መስመር የጠርሙሱ ነው። ጠርሙሱ ፋብሪካው የሚደርሰው ወፍራምና አጭር ቱቦ ሆኖ ነው፤ በሙያው ፕሪፎርም ይሉታል። የክዳኑ ጥርስ ከላይ ተሠርቶ ያለቀ፣ ከታች ያለው አካሉ ግን ገና ያልተዘረጋ ነው። ማሽኑ ፕሪፎርሙን ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሞቀዋል፣ በዘንግ ይስበዋል፣ ከዚያ በከፍተኛ ግፊት አየር ሲነፋው በቅጽበት የጠርሙስ ቅርጽ ውስጥ ይለጠጣል። የግማሽ ሊትር ጠርሙስ የሚመዝነው ከ10 እስከ 20 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ስስነቱ ለፋብሪካው ትርፍ ነው፤ ለቆራሌው ግን አንድ ኪሎ ለመሙላት ብዙ ጎንበስ ማለት ነው።

ጠርሙሱ የሚሠራበት ፕላስቲክ ፔት ይባላል፤ መነሻው ነዳጅ ዘይትና የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ቁሱን በ1941 እ.ኤ.አ. ያገኙት ዊንፊልድና ዲክሰን የተባሉ እንግሊዛውያን ኬሚስቶች ናቸው። ከእሱ ለስላሳ መጠጥ የሚችል ጠርሙስ የሠራውና በ1973 መብቱን ያስመዘገበው ደግሞ የዱፖንት ኩባንያ መሐንዲስ ናትናኤል ዋይዝ ነበር። የዛሬው የጠርሙስ ክምር በሙሉ የግማሽ ምዕተ ዓመት ሥራ ነው ማለት ነው። እኛ ጥሬ ዕቃውን የምናስገባው ከውጭ ነው። የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ ወይም ዋጋው ሲጨምር የውሃ ዋጋ አብሮ የሚወጣው ለዚህ ነው። ከገዛ ምድራችን የወጣ ውሃ ለመጠጣት ዶላር እንከፍላለን፤ ዶላሩ የሚከፈልበት ዕቃ ደግሞ ውሃው ተጠጥቶ ሲያልቅ የሚጣለው ነው።

ጉልበቱም ቀላል አይደለም። ፒተር ግሊክና ሄዘር ኩሊ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት አንድ ሊትር የታሸገ ውሃ አምርቶ ለገዢ ለማድረስ ከ5.6 እስከ 10.2 ሜጋጁል ኃይል ይጠይቃል፤ ይህም ለቧንቧ ውሃ ከሚወጣው እስከ 2000 እጥፍ ይደርሳል። የባርሴሎና ተመራማሪዎችም በ2021 የከተማቸውን ነገር አስልተው ነበር። የከተማዋ ሕዝብ በሙሉ የታሸገ ውሃ ቢጠጣ፣ ሁሉም የቧንቧ ቢጠጣ ከሚደርሰው ይልቅ በሥነ ምህዳር ላይ የሚደርሰው ጉዳት 1400 እጥፍ፣ የጥሬ ሀብቱ ወጪ ደግሞ 3500 እጥፍ እንደሚሆን አገኙ። እነዚህ ቁጥሮች የእኛን የመንገድና የኃይል ሁኔታ አይለኩም። የሚያሳዩት አቅጣጫ ግን ለእኛም ያው ነው፤ ውሃን በጠርሙስ አሽጎ በጭነት መኪና ማመላለስ በቧንቧ ከመላክ ጋር አይወዳደርም።

ሰው ለምን ይገዛል?

የሚገዛውን ሰው መውቀስ ግን ፍትሕ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ በሚያደርጉት ክትትል መሠረት ንጽሕናው በተጠበቀና ደጁ ድረስ በደረሰ ውሃ የሚጠቀመው ኢትዮጵያዊ ከመቶ 13 ገደማ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች ውሃ ብታገኝም ብዙ ሰፈር ውሃ የሚያየው በፈረቃ ነው። ፈረቃ ሲባል መጠበቅ ብቻ አይደለም። ባዶ የቆየ ቧንቧ ግፊት ስለሌለው በስንጥቁ ከውጭ ቆሻሻ ይስባል፤ ውሃው ሲመለስ ደፍርሶ የሚመጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ቤተሰቡ በጀሪካንና በሮቶ ያከማቸው ውሃም ሲቆይ ይበላሻል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞችና ገጠሮች ደግሞ የከርሰ ምድሩ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን ከዚያ የሚያልፍ ውሃ ለዓመታት የጠጣ ሰው ጥርሱ ይበልዛል፣ አጥንቱም ይጎዳል። ለሕፃን ወተት የምታዘጋጅ እናት የታሸገ ውሃ ስትገዛ የምትገዛው እርግጠኝነት ነው።

ያ እርግጠኝነት ግን ያለ ቁጥጥር አይገኝም። ፔሪዬ የተባለው ስመ ጥር የፈረንሳይ ውሃ በ1990 እ.ኤ.አ. ቤንዝን (benzene) የተባለ መርዛማ ኬሚካል ተገኝቶበት 160 ሚሊዮን ጠርሙስ ከገበያ ሰብስቧል። በ2024 ደግሞ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በአዲስ የሌዘር ዘዴ የታሸጉ ውሃዎችን መርምረው በአንድ ሊትር ውስጥ በአማካይ 240,000 ገደማ የፕላስቲክ ቅንጣት አገኙ፤ አብዛኞቹ በተራ ማይክሮስኮፕ የማይታዩ ናቸው። በሰውነት ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ገና እየተጠና ነው። ጠርሙሱን ፀሐይ ላይ ማቆየትም ሆነ አንዱን ጠርሙስ ለወራት ደጋግሞ መጠቀም የማይመከረው ሙቀትና መፈተግ ፕላስቲኩን ስለሚያደክሙት ነው።

ችግሩን ሰፋ አድርጎ ያየው የተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ የውሃ ተቋም በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሪፖርት ነው። በዓለም ላይ የታሸገ ውሃ ሽያጭ ከ2010 እስከ 2020 በነበሩት ዓመታት በ73 በመቶ አድጓል። በ2021 ዓለም 350 ቢሊዮን ሊትር ገደማ ገዝቶ 270 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሏል። ከዚህ የወጣው ጠርሙስ 600 ቢሊዮን፣ ክብደቱ 25 ሚሊዮን ቶን ያህል ነው። ሪፖርቱ አንድ ከባድ ነገር ይናገራል፦ ዓለም በየዓመቱ ለታሸገ ውሃ ከሚያወጣው ገንዘብ ከግማሽ በታች የሚሆነው ንጹሕ ውሃ ለሌላቸው በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች ቧንቧ ለማድረስ ይበቃ ነበር። መግዛት የሚችለው ወደ ጠርሙሱ ሲዞር ስለ ቧንቧው የሚጮኸው ድምፅ ይቀንሳል። ቧንቧው ችላ ሲባል ደግሞ ጠርሙሱን የሚፈልገው ይበዛል። በዚህ መሃል የሚጎዳው ጠርሙሱን መግዛት የማይችለው ነው።

ከመሬት በታች ያለው ሒሳብ

የከርሰ ምድር ውሃ የማያልቅ ይመስላል። ዝናብ በአፈርና በዐለት ስንጥቅ ቀስ ብሎ ሰርጎ ይጠራቀማል፤ በአንዳንድ ቦታ ለዓመታት፣ በአንዳንዱም ለዘመናት። ፓምፑ የሚያወጣው ዝናቡ ከሚመልሰው ሲበልጥ የውሃው ወለል ይወርዳል። ጥልቅ ጉድጓድ ያለው ፋብሪካ ፓምፑን ዝቅ ያደርጋል። በእጁ የቆፈረው ገበሬና የመንደሩ ምንጭ ግን ዝቅ ማለት አይችሉም፤ ይደርቃሉ። ብዙ ፋብሪካ በአንድ አካባቢ ሲሰፍር ጥያቄው የእያንዳንዱ ፋብሪካ ብቻ አይሆንም፤ የአካባቢው ጉድጓዶች ድምር ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ከተሞች ፋብሪካው፣ የቤት ልማቱና የከተማዋ የውሃ ባለሥልጣን ከአንድ ከርሰ ምድር ነው የሚቀዱት።

ስለዚህ ፈቃድ ሲሰጥ የጉድጓዱ ጥልቀት፣ በቀን የሚወጣው መጠንና የውሃው ወለል በየዓመቱ የት እንደደረሰ መመዝገብና ለሕዝብ መገለጥ አለበት። ውሃ የሕዝብ ሀብት ከሆነ ሕዝቡ ሒሳቡን ማየት ይገባዋል። ከፋብሪካው አጥር ውጪ የሚኖር ሰው ጀሪካን ተሸክሞ ሩቅ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ፣ ለእሱ የቦኖ ውሃ መትከል የምጽዋት ጉዳይ ሳይሆን የፈቃዱ አንድ ግዴታ ሊሆን ይገባል።

ከተጠጣ በኋላ

ፔት ከውሃ ይከብዳል፤ ክዳኑ ግን ከሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ስለሚሠራ ይንሳፈፋል። ይህች ትንሽ ልዩነት ብዙ ነገር ታብራራለች። ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጠርሙስ በውስጡ ባለው አየር ተንሳፍፎ ሩቅ ይሄዳል። ክዳኑ የወለቀው ግን ውሃ ሞልቶት ይሰምጣል፣ ደለል ይለብሳል፣ ቦዩን ይዘጋል። በክረምት አንድ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል መንገዱ ወንዝ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ቱቦው ስለተደፈነ ነው። ከከተማዋ የሚወጣው ቆሻሻ በአቃቂ ወንዝ አድርጎ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳል፤ በአገሪቱ ቀዳሚ ከነበሩት የኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነው ግድብ የከተማዋ ቆሻሻ መጠራቀሚያ ሆኗል። ፀሐይ ያገኘው ፕላስቲክም አይበሰብስም፤ እየደረቀ እየተሰባበረ ይደቅቃል፤ ደቃቁ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀላል። ከቆሻሻ ጋር አብሮ ሲቃጠል ደግሞ ጭሱ መርዛማ ነው።

በአዲስ አበባ የቀረው ወደ ቆሻሻ መጣያው፣ ወደ ቆሼ ይሄዳል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ እዚያው በፕላስቲክ ቤት ይኖሩና ከክምሩ ለቅመው ይተዳደሩ የነበሩ ድሆች ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት ነሐሴ ላይ አጠገቡ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ። ቆሻሻን ወደ ኃይል መለወጥ አንድ መፍትሔ ነው፤ ነገር ግን ማቃጠል የነዳጅ ዘይቱን ፕላስቲክ ለዘለዓለም ያጠፋዋል፣ ካርቦኑንም ወደ አየር ይለቃል። ፔት ያን ያህል የሚናቅ ቁስ አይደለም።

ዋጋውን ከሁሉ በፊት ያወቁት ቆራሌዎችና ለቃሚዎች ናቸው። ጠርሙሱን ከየቤቱ፣ ከየግሮሰሪው፣ ከየመንገዱ ይሰበስባሉ፤ ረግጠው፣ በጆንያ ሞልተው በኪሎ ለተቀባይ ይሸጣሉ። ተቀባዩ ጋ ጠርሙሱ በቀለም ይለያል፣ መለያ ወረቀቱ ይላጣል። በመፍጫ ማሽን ይደቅቃል፣ በሙቅ ውሃና በኬሚካል ይታጠባል። የክዳኑ ፍርፋሪ ሲንሳፈፍ ፔቱ ከሥር ይቀራል። ይህ ፍርፋሪ ለውጭ ገበያ ይሸጣል፤ በሌሎች አገሮች እንደገና ጠርሙስ፣ ክር ወይም ጨርቅ ይሆናል። ክርና ጨርቅ የሆነው ግን ብዙውን ጊዜ ያ የመጨረሻ ሕይወቱ ነው። በዓለም ደረጃም ቢሆን እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ድረስ ከተጣለው ፕላስቲክ ሁሉ እንደገና ጥቅም ላይ የዋለው 9 በመቶ ብቻ እንደሆነ ተሰልቷል። ቆራሌው ለከተማው የሚሠራው ሥራ ይህን ያህል ዋጋ ያለው ሆኖ ሳለ የሚከፈለው የፕላስቲኩ ዋጋ ብቻ ነው። የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲወርድ አዲሱ ፔት ይረክሳል፤ ያኔ የእሱ ጆንያ ዋጋ ያጣል፣ ጠርሙሱም መንገድ ላይ ይቀራል።

መያዣው ይመለስ

መንግሥት ሕግ ማውጣት ጀምሯል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ከ0.03 ሚሊሜትር የሳሳ ፌስታል ከልክሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንድ ጊዜ ጥቅም ላይ የሚውል ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። የውሃ ጠርሙስ ግን ፌስታል አይደለም። ቧንቧው ያልታመነበት አገር ጠርሙሱን ቢከለክል የሚጎዳው ሕዝቡን ነው። ለጠርሙስ የሚስማማው ሕግ ባለቤት የሚሰጠው ሕግ ነው።

ጀርመን በ2003 እ.ኤ.አ. በሚጣሉ የመጠጥ ጠርሙሶች ላይ 25 የዩሮ ሳንቲም መያዣ ደነገገች። ገዢው ሲገዛ ይከፍላል፣ ባዶውን ሲመልስ ይቀበላል። ከጠርሙሶቹ 98 በመቶ ገደማ ይመለሳሉ። በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ባዶ ጠርሙስ ሞልተው ወደ ሱፐርማርኬት ሲሄዱ አዲስ ነገር አይሆንባቸውም፤ ልጅ ሆነው የለስላሳ ጠርሙስ ይዘው ወደ ሱቅ ተልከዋልና። እኛ ይህን ሥርዓት ከማንም መማር አይኖርብንም። በአምቦው ሳጥን፣ በቢራው ጠርሙስ ዛሬም ይሠራል። በፕላስቲክም ቢሆን በየቢሮው የሚታየው ባለ 20 ሊትር የውሃ ጋን መያዣ ተይዞበት ተመልሶ ይሞላል።

በትናንሹ ጠርሙስ ላይ መያዣ ቢደረግ የዋጋ ጭማሪ የሚመስለው ገንዘብ ለሚመልስ ሰው ሁሉ ይመለሳል። ለማይመልሰው ደግሞ ሌላ ሰው ያነሣለታል። ዛሬ በኪሎ ጥቂት ብር የሚያገኘው ቆራሌ በእያንዳንዱ ጠርሙስ የታወቀ ዋጋ ይኖረዋል፤ የውጭ ገበያ መውደቁም ባዶ እጁን አያስቀረውም። ባለሱቁ ለድካሙ ጥቂት ሳንቲም ይታሰብለታል። ፋብሪካዎቹ በማኅበራቸው በኩል መሰብሰቢያውን ያደራጃሉ፣ ንጹሕ የተለየ ፔት ስለሚያገኙ የአገር ውስጥ ጠርሙስ ሥራ መነሻ ይሆናል፣ ለጥሬ ዕቃ የሚወጣውም ዶላር ይቀንሳል። ተቃውሞ እንደሚነሣ ግልጽ ነው፤ ትናንሽ ፋብሪካዎች ወጪ ይበዛብናል ይላሉ። ነገር ግን ወጪው ዛሬም አለ። የሚከፍለው ቦዩን የሚያጸዳው ማዘጋጃ ቤት፣ ቤቱ ጎርፍ የሚገባበት ነዋሪና ቆሼ ላይ የሚለቅመው ድሃ ነው። ወጪውን ወደሚሸጠውና ወደሚገዛው ማምጣት ፍትሕ ነው።

መያዣው ጠርሙሱን ያስተካክላል፤ ቧንቧውን ግን አይተካም። ፋብሪካ ከሚቀዳው ውሃ የሚሰበሰበው ክፍያ በቀጥታ ለከተማና ለገጠር የውሃ መስመር ቢውል፣ ትምህርት ቤትና መናኸሪያ የተጣራ ውሃ መቅጃ ቢኖራቸው፣ የቧንቧ ውሃ የምርመራ ውጤት በየወረዳው ቢለጠፍ፣ ሰው ጠርሙስ የሚገዛው ተገዶ ሳይሆን ሲፈልግ ይሆናል። የታሸገ ውሃ ለአደጋ ጊዜ፣ ለመንገደኛ፣ ለበሽተኛ፣ አምቦም ለክትፎው ይኑር። የአገር የመጠጥ ውሃ ግን በቧንቧ ይምጣ፤ የታሸገውም ሲሸጥ ጠርሙሱ ወደ ሸጠው የሚመለስበት መንገድ አብሮት ይኑር። ይህን የሚያስቀድም ሕግ እንዲወጣ የውሃ ፋብሪካዎች ማኅበር፣ የከተማ አስተዳደሮችና እኛ ጠጪዎች ዛሬውኑ መጠየቅ እንችላለን።